ይሄኛው አረንጓዴ የቱ ነው? የሚመሳሰሉ ክሪስታሎችን ለመለየት የንጽጽር መመሪያ

በስብስቤ ውስጥ «መረግድ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ክሪስታል ነበረኝ። የአውራ ጣት ያህላል። ስድስት ጎን አለው። ቀለሙ ዝናብ የጠገበ ሣር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጣ ሰው ሁሉ በኩራት አሳየሁት። አንድ ቀን ግን ከሥሩ በኩል፣ ቀድሞም ተሰብሮ የነበረ ቦታ ላይ፣ በመስፊያ መርፌ ጫር አደረግኩት። ነጭ መስመር ወጣ። በጣቴ ጠረግኩት። ዱቄቱ ለቀቀ፣ መስመሩ ግን ጎድጉዶ ቀረ። መረግድ በመርፌ አይጫርም። ሁለት ዓመት ያሞካሸሁት አፓታይት ኖሯል።

የሚያስቀው ስሙ ነው። አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1786 ለዚህ ማዕድን ስም ሲያወጣ «አፓቴ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወሰደው። ማታለል ማለት ነው። ከእኔ በፊት ስንቱን እንደሸወደ ከስሙ ይታወቃል።

ደግሞም የተሸወደው ብዙ ነው። ፈርናኦ ዲያስ ፓይስ የተባለ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1674 መረግድ ፍለጋ ከሳኦ ፓውሎ ተነስቶ ወደ ብራዚል መሃል አገር ዘለቀ። ሰባት ዓመት ያህል በጫካ ተንከራተተ። አረንጓዴ ድንጋዮች አገኘ፤ መረግድ ናቸው ብሎ እያመነ እ.ኤ.አ. በ1681 ሞተ። ቱርማሊን ነበሩ። በኮሎኝ ካቴድራል የሦስቱ ነገሥታት ሣጥን ላይ ያሉት ትልልቅ አረንጓዴ ፈርጦችም ለረጅም ዘመን መረግድ ይባሉ ነበር። ፔሪዶት ናቸው።

ሁሉንም የሸወዳቸው ቀለሙ ነው። ስለዚህ እኔ አሁን ቀለምን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ክሪስታል ከማን ጋር ነው የተቀመጠው?

ጎረቤቱን እዩ

አረንጓዴ ቀለም ከብዙ ቦታ ይመጣል። መረግድን አረንጓዴ የሚያደርገው በጣም ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ፔሪዶትን፣ ኤፒዶትንና አብዛኛውን አረንጓዴ ቱርማሊን የሚያቀልመው ብረት ነው። ማላካይትን፣ ዳዮፕቴዝንና ብሮሻንታይትን ደግሞ መዳብ። ዓይን ይህን ልዩነት አንዳንዴ ያያል፤ የብረቱ ወደ ቢጫና ቡናማ ያዘነብላል፣ የመዳቡ ወደ ሰማያዊ። ግን በዚህ ብቻ ስም አትስጡ። መብራት ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል፤ ስልክ ያነሳው ፎቶማ ጭራሽ አይታመንም።

ክሪስታሉ የበቀለበት ድንጋይ ግን አይዋሽም። ነጭ ፌልድስፓር፣ ኳርትዝና ሚካ (በስስ ቅጠል የሚላጠው ማዕድን) አብረው ካሉ ድንጋዩ ፔግማታይት፣ ማለትም ትልልቅ ክሪስታል ያለው ድንጋይ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ እንግዲያው ቤሪል (መረግድ የዚህ ማዕድን ዓይነት ነው)፣ ቱርማሊን፣ አፓታይት ወይም ፍሎራይት ጠብቁ። መረግድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጥቁር ሚካ ሺስት፣ ማለትም በንብርብር በሚላጥ ድንጋይ፣ ውስጥ ነው፤ የኮሎምቢያው ደግሞ በጥቁር የሼል ድንጋይ ከነጭ ካልሳይት ጋር። ዝገት የመሰለ ቡናማ ድንጋይ ላይ ሰማያዊ አዙራይት ካለ፣ የመዳብ ቤተሰብ ውስጥ ናችሁ። በእጅ ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ጥቁር ባዛልት ውስጥ የተጣበቀ ስኳር የመሰለ ቢጫ አረንጓዴ ክምር ከሆነ፣ ኦሊቪን ነው፤ ጥርት ሲል ፔሪዶት የምንለው።

ይህን ብቻ አይቶ ግማሹን እጩ መጣል ይቻላል። ችግሩ ብቻውን የተነቀለ ክሪስታል ሲገጥም ነው።

ስድስት ጎን ያላቸው፦ መረግድ፣ አፓታይት፣ ቱርማሊን

እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከላይ ወደ ታች፣ ማለትም በጫፋቸው በኩል እዩአቸው። ከጎን ማየት ይሸውዳል። ከጫፍ ሲታዩ ግን መረግድ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ጥርት ያለ ስድስት ማዕዘን ነው። ጫፉም አብዛኛውን ጊዜ በመጋዝ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ። ቱርማሊን ግን ጎኖቹ የተነፉ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ ማዕዘኖቹ ዶልዱመው፣ ሆዱ ወጣ ብሎ። ይህን ቅርጽ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን በክሪስታሉ ጎን ላይ አግድም ሳብ አድርጉ። ቱርማሊን ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመሮች የተጠረበ ነው። ጥፍር ላይ እንደ ማበጠሪያ ይሰማል። መረግድ ለስላሳ ነው፤ ቢኖርበትም የደበዘዘ መስመር ነው።

ሦስተኛው ምልክት የምወደው ነው። ቱርማሊኑን ከመስኮት አጠገብ ያዙና ከጎኑ እዩት፤ ብርሃን ያልፋል፣ አረንጓዴው ይታያል። አሁን አዙራችሁ በርዝመቱ በኩል እዩት። ይጨልማል። ከጎን የጠርሙስ አረንጓዴ የነበረው ከጫፍ ጥቁር ሊሆን ይችላል። መረግድም ሲዞር ትንሽ ይለወጣል፣ ከሰማያዊ አረንጓዴ ወደ ቢጫ አረንጓዴ፤ ግን እንዲህ ድርግም አይልም።

ቱርማሊን ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆላንድ ነጋዴዎች «አመድ ሳቢ» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው። እናንተ ግን እንዳታሞቁት። ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሚነግራችሁንም ጥፍራችሁ አስቀድሞ ነግሯችኋል።

አፓታይት ነው አስቸጋሪው። ልክ እንደ መረግድ ስድስት ጎን፣ ልክ እንደ መረግድ ጠፍጣፋ ጫፍ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ጠርዞቹ ብዙ ጊዜ ቀልጠው የተመለሱ ይመስላሉ። ገጹም ቅባት የነካው መስታወት ነው። የመጨረሻው ዳኛ ጥንካሬ ነው። ፍሪድሪሽ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ አፓታይት ራሱ የ5 ቁጥር ምልክት ነው። መረግድ ከ7.5 እስከ 8፣ ቱርማሊን ከ7 እስከ 7.5 ይደርሳሉ። መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ መረግድና ቱርማሊን መስታወት ይጭራሉ፤ አፓታይት አይጭርም።

ስትጭሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የክሪስታሉን ፊት በፍጹም አትንኩ፤ ከሥሩ ወይም ከጀርባው፣ ከተሰበረበት ቦታ ሞክሩ። ደግሞ መርፌው ከድንጋዩ ከላላ የራሱን ብረት ድንጋዩ ላይ ይጥላል፤ ያም መስመር ይመስላል። በርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከተጠረገ ብረት ነው፣ ካልተጠረገ ጭረት ነው።

መጫር የማትፈልጉ ከሆነ ክብደት አለ። አንድ አስረኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃል። ክሪስታሉን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉ። ክሪስታሉን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ ታቹንና ጎኑን እንዳይነካ። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር የተገፋው ውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት ለዚያ አካፍሉት። የእኔው አታላይ 18.6 ግራም ነበር። ውሃ ውስጥ ሚዛኑ 5.8 አነበበ። ሲካፈል 3.2 ይመጣል፤ እፍጋት የምንለው ይህን ቁጥር ነው። መረግድ 2.7 አካባቢ ነው፤ በዚህ ቁጥር ብቻ ከውድድሩ ወጣ።

ግን ተጠንቀቁ። 3.2 ማለት አፓታይት ነው ማለት አይደለም። ቱርማሊን ከ3.0 እስከ 3.2 ይሄዳል፣ ፍሎራይት 3.18 ነው። እፍጋት ማን እንዳልሆነ ይነግራል እንጂ ማን እንደሆነ ሁልጊዜ አይነግርም። በእናት ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ክሪስታልን ደግሞ በዚህ መንገድ መመዘን ዋጋ የለውም።

ፍሎራይት ስሙ ከተነሳ አይቀር፦ እሱ ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ አይሠራም። ኪዩብ ነው፣ አለዚያ ሁለት ፒራሚድ በሥራቸው የተጋጠሙ ይመስላል። የኪዩቡ ማዕዘን ሲሰበር ሦስት ማዕዘን የሆነ ለጥ ያለ ገጽ ይተዋል፤ ይህ ትልቁ መታወቂያው ነው። ጥንካሬው 4 ስለሆነ በቢላ በቀላሉ ይጫራል። ብዙዎቹ በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ያበራሉ። ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 «ፍሎረሰንስ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ከዚሁ ማዕድን ስም ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከሮጀርሊ ማዕድን የሚወጣው አረንጓዴ ፍሎራይት መብራት እንኳ አይፈልግም፤ ፀሐይ ላይ ስታወጡት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

ዳዮፕቴዝና መረግድ

ቀለሙን ብቻ ብንጠይቅ ከሁሉም ይልቅ መረግድን የሚያስንቀው ዳዮፕቴዝ ነው። እንዲያውም ከመረግድ በላይ መረግድ ይመስላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከካዛክስታን አልቲን ትዩቤ የወጣው እንደ መረግድ ነበር የታየው። ጥንካሬው ሲፈተሽ ግን 5 ብቻ ሆነ። ፈረንሳዊው ሬኔ ጁስት አዊ እ.ኤ.አ. በ1797 ዳዮፕቴዝ ብሎ ሰየመው፤ ከግሪክ «በውስጥ ማየት» ከሚል ሐሳብ። የመሰንጠቂያ ገጾቹ ከውስጥ ስለሚታዩ ነው።

ያንን ገጽ ፈልጉ። አጉሊ መነጽር ውስጥ፣ ክሪስታሉ ሆድ ውስጥ፣ ሰያፍ የተነጠፉ መስታወቶች ብልጭ ይላሉ። መረግድ ውስጥ ይህ የለም። መረግድ ውስጥ ያለው ሌላ ዓይነት ነው፤ የተበታተነ ስንጥቅ፣ ጭጋግ፣ ፈሳሽ የያዙ ትንንሽ ጉድጓዶች። ፈረንሳዮች «የአትክልት ቦታ» ይሉታል፣ በሚያምር ስም ጉድለትን ሲሸፍኑ።

የዳዮፕቴዝ ክሪስታል አጭር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ሳይሆን ተገፍቶ የተንጋደደ ኪዩብ ማዕዘን ነው። አብሮት የመዳብ ማዕድን ይኖራል፤ የናሚቢያው ጹሜብ ናሙና ብዙ ጊዜ ነጭ ካልሳይት ላይ የተቀመጠ ነው። ሚዛንም ይለየዋል፤ 3.3 አካባቢ ይመጣል። ግን እባካችሁ አትጫሩት። በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጎረቤቱና ጫፉ ከበቂ በላይ ናቸው።

የመዳብ አረንጓዴዎች፦ ማላካይት፣ ብሮሻንታይት፣ አታካማይት

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያልቅበት። ማላካይት ሲጠረብ የሚያሳየውን ጥቁርና ነጣ ያለ አረንጓዴ ቀለበት ሁሉም ያውቀዋል። ያ ከባድ አይደለም። ከባዱ ማላካይት በቀጭን መርፌ ሆኖ ሲበቅል ነው። ያኔ ብሮሻንታይትም አታካማይትም እንደሱው አረንጓዴ መርፌ ናቸው። ጥንካሬያቸውም ከ3 እስከ 4 ድረስ ተጨናንቋል። እፍጋታቸውም 4 ግርጌ ላይ ነው። በዓይን ብቻ «ይሄ ይሄ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥያቄ ጠይቁት።

ማላካይት ካርቦኔት ነው፤ ስለዚህ አሲድ ላይ ይፈላል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ስብርባሪ ከናሙናው ጀርባ ውሰዱ። መስታወት ላይ አስቀምጡ። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ ውሃ የበዛበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ጣል። አሁን በአጉሊ መነጽር እዩ። ማላካይት ከሆነ ከቅንጣቷ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ እየተከታተለ ይነሳል፤ ቅንጣቷም በአረፋው እየተገፋች ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ፈሳሹም ቀስ እያለ አረንጓዴ ይሆናል። ብሮሻንታይት ወይም አታካማይት ከሆነ ዝም ብሎ ይሟሟል። አረፋ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም የገባሁበት። ቅንጣቷ ላይ ካልሳይት ተጣብቆ ከመጣ የሚፈላው ካልሳይቱ ነው። አረፋው ከአረንጓዴው ነው ከነጩ የሚወጣው? እሱን ሳታዩ አትወስኑ።

ሁለቱ ዝምተኞች ሲቀሩ ነገሩ ይከራል። ብሮሻንታይት የመዳብ ሰልፌት ነው፣ አታካማይት የመዳብ ክሎራይድ። አታካማይት ደረቅና ጨዋማ ቦታ ይወዳል፤ ስሙም የቺሊው አታካማ በረሃ ነው። ክሎራይድ መሆኑን ለማወቅ በናይትሪክ አሲድ አሟምቶ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት መጨመር ነው፤ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ከመጣ ክሎራይድ አለ። ይህ ግን ላቦራቶሪ ላለው ሰው ነው። እኔ ወረቀቱ ላይ «ብሮሻንታይት ወይም አታካማይት» ብዬ እጽፋለሁ። አላፍርበትም።

በነገራችን ላይ ብሮሻንታይትን ሳታውቁ አይታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1886 ኒው ዮርክ ላይ የተመረቀው የነፃነት ሐውልት የመዳብ ቆዳ ዛሬ አረንጓዴ የሆነው በዋናነት በሱ ነው።

ማላካይት ሌላም ጉድ አለው፤ የሰው ልብስ ይለብሳል። ሰማያዊው አዙራይት ቀስ በቀስ ወደ ማላካይት ሲለወጥ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ትልቅ፣ ስለታም ጠርዝ ያለው፣ ግን ብርሃን የማያሳልፍ አረንጓዴ ክሪስታል ካያችሁ፣ በአዙራይት ቅርጽ የተቀመጠ ማላካይት ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ጎኑ ካለ እዩት። ውስጡ አንድ ክሪስታል ሳይሆን የክር ጥቅል ነው።

እጅ ላይ የሚከብዱት

ፓይሮሞርፋይትን አንዴ ያነሳ ሰው አይረሳውም። ትንሽ ድንጋይ ታነሳላችሁ፣ እጃችሁ ወደ ታች ይሄዳል። እፍጋቱ ወደ 7 ነው። ኳርትዝ 2.65 መሆኑን አስቡ። የእርሳስ ፎስፌት ስለሆነ ነው። ክሪስታሎቹ ባለ ስድስት ጎን ትንንሽ በርሜሎች ናቸው፤ ጫፋቸው አንዳንዴ እንደ ጽዋ የጎደጎደ። አፓታይት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይፈረድበትም፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ግን አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጅ መያዝ ጭቅጭቁን ይጨርሳል።

የማይጨርሰው ጭቅጭቅ ከሚሜታይት ጋር ያለው ነው። ስሙ ራሱ በግሪክ «አስመሳይ» ማለት ነው፤ ያስመሰለውም ፓይሮሞርፋይትን ነው። በፎስፈረስ ቦታ አርሴኒክ ገብቶበት ነው እንጂ ቅርጹ ያው፣ ክብደቱ ያው። አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ፓይሮሞርፋይት፣ ቢጫና ብርቱካናማው ብዙ ጊዜ ሚሜታይት ነው ይባላል። «ብዙ ጊዜ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ሁለቱ አንዱ ወደ ሌላው እየተቀላቀሉ ስለሚሄዱ በቁርጥ የሚለያቸው የኬሚካል ትንተና ብቻ ነው።

አዳማይት ከነዚህ ይቀልላል፣ 4.4 አካባቢ። የዚንክ አርሴኔት ነው። ከሜክሲኮው ኦሁዌላ ማዕድን የሚመጣው በዝገት ቀለም ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ቢጫው ዓይነት በአልትራቫዮሌት መብራት እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ ይበራል። መዳብ ገብቶበት አረንጓዴ የሆነው ግን አይበራም፤ መዳቡ ብርሃኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ መብራቱ ዝም ካላችሁ «አዳማይት አይደለም» ብላችሁ አትጣሉት።

ድንጋይ በምላስ የሚልስ ሰብሳቢ አለ። እነዚህን አትላሱ። እርሳስና አርሴኒክ ናቸው። ከነካችኋቸው በኋላ እጅ መታጠብ ነው።

ጥቁር አረንጓዴ ዘንጎች

ኤፒዶት፣ አክቲኖላይት፣ ዳዮፕሳይድና ጥቁር አረንጓዴ ቱርማሊን አንድ ሣጥን ውስጥ ቢገቡ ወንድማማች ይመስላሉ። ሁሉም ረዘም ያሉ፣ ሁሉም ጠቆር ያሉ።

ኤፒዶት የፒስታሽዮ አረንጓዴ አለው። ይህን ቀለም ከሌሎቹ ቀለሞች ይልቅ አምነዋለሁ፣ ቡናማ ያለበት ቢጫ አረንጓዴ ነው። እንደ ቱርማሊን በርዝመቱ የተጠረበ ነው። ስለዚህ ጥፍር እዚህ አይረዳም። የሚለየው የተሰበረው ጎን ነው። ኤፒዶት በአንድ አቅጣጫ ለጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ያ ገጽ ያብለጨልጫል። ቱርማሊን የመሰንጠቂያ አቅጣጫ የለውም፤ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ኦስትሪያ ውስጥ ክናፐንቫንድ ከሚባል ገደል የወጡት ኤፒዶቶች የዓይነቱ ቁንጮ ናቸው፤ ቀጭናቸውን ብርሃን ላይ ስታዞሩ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይሄዳሉ።

አክቲኖላይትና ዳዮፕሳይድን የሚለየው ማዕዘን ነው። ሁለቱም በሁለት አቅጣጫ ይሰነጠቃሉ። ዳዮፕሳይድ ላይ ሁለቱ ገጾች በ90 ዲግሪ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ከጫፉ ስታዩት አራት ማዕዘን ነው። አክቲኖላይት ላይ በ56 እና በ124 ዲግሪ ነው፤ ከጫፉ የተጨፈለቀ አልማዝ ቅርጽ። በአጉሊ መነጽር የአንድ ዘንግ የተሰበረ ጫፍ ማየት ይበቃል፤ ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። ካሬ ነው ወይስ ተጨፍልቋል? በቃ።

አክቲኖላይት እንደ ጥጥ ክር ሆኖ ከመጣ ግን አትፈትሹት። ያ የአስቤስቶስ ዓይነት ነው። አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ዘግታችሁ አስቀምጡት።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። አረንጓዴ ጋርኔት፣ ኡቫሮቫይትም ሆነ ዴማንቶይድ፣ ዘንግ አይደለም፤ ብዙ ፊት ያለው ኳስ ነው። ብታዞሩት ቀለሙ አይለወጥም። ኡቫሮቫይት ብዙውን ጊዜ ጥቁር ክሮማይት ላይ እንደ አረንጓዴ ስኳር የተነሰነሰ ደቃቅ ነው። ቬሱቪያናይት ከጫፉ ሲታይ ካሬ ነው። ፔሪዶት ጥርት ያለ ከሆነ በአጉሊ መነጽር በአንዱ ፊት በኩል አሳልፋችሁ የጀርባውን ጠርዝ እዩ፤ አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ይታያል። መረግድ ላይ እንዲህ አይሆንም።

ቁሙ፦ ቶርበርናይት

ሳር አረንጓዴ፣ ካሬ የሆኑ ቀጫጭን ሳህኖች፣ እንደ ሚካ የተደራረቡ፣ የሚያምሩ። ቶርበርናይት ወይም ውሃው ሲቀንስ የሚሆነው ሜታቶርበርናይት ሊሆን ይችላል። ስሙ ከስዊድናዊው ኬሚስት ቶርበርን በርግማን የመጣ ነው። በውስጡ ዩራኒየም አለ።

ተራ አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን መስሏችሁ መርፌ እንዳታነሱ። ጥንካሬው ከ2 እስከ 2.5 ነው፤ በትንሽ ንክኪ ይፈረፈራል፣ የማይፈለገውም ያ ብናኝ ነው። ውሃ ውስጥም አትንከሩት። ዘመዱ ኦቱናይት ቢጫ አረንጓዴ ነው፣ በአልትራቫዮሌት ቦግ ብሎ ይበራል። ቶርበርናይት አብዛኛውን ጊዜ አይበራም፤ ስለዚህ መብራት አያድናችሁም። የሚያስተማምነው ጨረር የሚለካው የጋይገር ቆጣሪ ነው። ከሆነ ክዳን ባለው ሣጥን፣ ምልክት ተደርጎበት፣ ከመኝታ ክፍል ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ። ዩራኒየም ያለበት ድንጋይ ራዶን ጋዝ ያወጣል።

ሰው የሠራቸው

ትልልቅ፣ እንከን የለሽ፣ ከረሜላ አረንጓዴ የሆኑ ክሪስታሎች በድንጋይ ላይ ሰፍረው ካያችሁ ተጠራጠሩ። ከማዳበሪያ ጨውና ከማቅለሚያ በቀናት ውስጥ የሚበቅሉ አሉ። ከጀርባው በረጠበ ጥጥ ነካ አድርጉት። ከተሟሟ ወይም ጥጡ አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ ተዘግቷል። ጥፍርም ሊጭረው ይችላል።

ሌላው መረግድ ተብሎ ሚካ ሺስት ውስጥ በሙጫ የተተከለ ነው። አንዳንዴ ድንጋዩም ክሪስታሉም እውነተኛ ናቸው፣ ውሸቱ ጋብቻው ነው። አንዳንዴ ክሪስታሉ ቀለም የተቀባ ኳርትዝ ወይም መስታወት ነው። በመስታወት ውስጥ ክብ የአየር አረፋ ፈልጉ። ከዚያ ክሪስታሉ ድንጋዩን የሚነካበትን መስመር በአጉሊ መነጽር ተከተሉት። እውነተኛው ውስጥ ሚካው ወደ ክሪስታሉ ይገባል፣ ይነካካል። የተለጠፈው ዙሪያ የሚያብለጨልጭ ወይም በሚካ ዱቄት የተሸፈነ ቀለበት አለ። ሙጫ ብዙ ጊዜ በአልትራቫዮሌት ነጭ ሰማያዊ ያበራል።

ወረቀቱ

ላቦራቶሪ መቼ ነው የሚያስፈልገው? ለኔ ለሁለት ነገር ብቻ። ለፓይሮሞርፋይትና ሚሜታይት፣ ለብሮሻንታይትና አታካማይት ዓይነት ጥንዶች፤ ወይም ስሙ ተለውጦ ክሪስታሉን ሌላ ነገር የሚያደርገው ከሆነ። ለኋለኛው ጥንድ ናሙና የማይነካው ራማን ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በሌዘር ብርሃን የሚደረግ ምርመራ፣ ይበቃል። እንደ ፊተኛው እየተቀላቀለ ለሚሄድ ግን ምን ያህል አርሴኒክ እንዳለ የሚለካ ትንተና ይሻላል።

ስም ስትቀይሩ የድሮውን ወረቀት አትጣሉ። ስሙ ስህተት ቢሆንም የተገኘበት ቦታ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቦታ ደግሞ ለሚቀጥለው መርማሪ ከሁሉ የሚበልጥ ፍንጭ ነው። የእኔው ባለ ስድስት ጎን አሁን ሁለት ወረቀት አለው። በአሮጌው «መረግድ» ይላል። በአዲሱ «አፓታይት፣ እፍጋት 3.2፣ በመርፌ ይጫራል» ይላል፤ ከሥሩ የት ጋ እንደተጫረም በቀስት አሳይቻለሁ።